የሊዮናርዶ የሥራ ማመልከቻ

ሥራ ፈላጊ ባለሙያ ከቀጣሪው ፊት ከመቅረቡ በፊት ማመልከቻው ይቀድመዋል። ማመልከቻው በቸልተኝነት የተጻፈ እንደ ሆነ ባለቤቱ ችሎታው ሳይታይ ይቀራል። ይህን ጠንቅቀው ከተገነዘቡት የጥንት መሐንዲሶች አንዱ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው።

ሊዮናርዶ እ.ኤ.አ. በ1452 በኢጣሊያ አገር፣ ቪንቺ በምትባል አነስተኛ ከተማ አካባቢ ተወለደ። አባቱ ውል ጸሐፊ ሲሆን ከእናቱ ጋር በሕግ የተጋባ አልነበረም። ልጁ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ፊሬንዜ ከተማ በቬሮኪዮ የሥነ ጥበብ ሥራ ቤት ሙያ ተማረ። በ1472 በሠዓሊዎች ማኅበር ተመዘገበ። በ1481 ለአንድ ገዳም የጀመረውን ትልቅ ሥዕል ግን ሳይፈጽመው ቀረ። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው የሚታወቀው በሠዓሊነቱ እንጂ በምሕንድስና አልነበረም።

በ1482 ገደማ የሚላኖን ግዛት ያስተዳድር ለነበረው ለሎዶቪኮ ስፎርዛ ማመልከቻ አሰናዳ። ረቂቁ እስከ ዛሬ በሚላኖ፣ በአምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል። ሊዮናርዶ በግራ እጁ ከቀኝ ወደ ግራ የመጻፍ ልማድ ስለ ነበረው ማስታወሻዎቹን ያለ መስተዋት ማንበብ ያስቸግራል። ይህ ረቂቅ ግን በሌላ ሰው እጅ፣ ማንም ሊያነበው በሚችል አኳኋን የተጻፈ ነው።

ሎዶቪኮ ሥልጣኑን በጦር ኃይል የሚያስጠብቅ ገዥ ነበር። ስለዚህ ሊዮናርዶ የራሱን ዝና ሳይሆን የገዥውን ችግር አስቀደመ። ተነቃቅለው የሚጓዙ ቀላል ድልድዮችን፣ የምሽግ ቦይ ማድረቂያ ዘዴን፣ መድፎችን፣ የምድር ውስጥ መተላለፊያዎችንና ሽፋን ያላቸውን የጦር ጋሪዎች በተራ ቁጥር ዘረዘረ። ስለ ባሕር ውጊያ የሚናገረው አንቀጽ ከአራተኛው ቀጥሎ ቢጻፍም የተሰጠው ቁጥር ዘጠነኛ ነው፤ ሚላኖ ከባሕር የራቀች ከተማ ስለ ሆነች ቦታውን አስቦ ያዛወረው ይመስላል። በአሥረኛው ስለ ሕንፃና ስለ ውኃ ሥራ ገለጸ። የሐውልትና የሥዕል ችሎታውን መጨረሻ ላይ በአጭሩ አነሣ። የሚጠራጠር ቢኖር ገዥው በመረጠው ቦታ ሠርቶ ለማሳየት ፈቃደኛነቱን ጨመረ።

ሆኖም ማመልከቻው ከነቀፋ የጸዳ አልነበረም። ከተዘረዘሩት የጦር መሣሪያዎች ብዙዎቹ በወረቀት ላይ የቀሩ ናቸው። በ1483 በሚላኖ የተዋዋለው ሥራም በማመልከቻው መጨረሻ የጠቀሰው የሥዕል ሥራ ሆነ። መሐንዲስነቱ በገዥው ቤት የታወቀለት ከዓመታት በኋላ ነው።

ለሎዶቪኮ አባት መታሰቢያ እንደሚሠራው በደብዳቤው የገለጸው የነሐስ ፈረስም ብዙ ዓመታት ወሰደበት። የሸክላው አምሳያ በ1493 ለሕዝብ ታየ፤ በ1494 ለፈረሱ የተሰበሰበው ነሐስ ለመድፍ ሥራ ተላከ፤ በ1499 ሚላኖን የያዙት የፈረንሳይ ቀስተኞች አምሳያውን ዒላማ አድርገው አፈራረሱት። ሊዮናርዶም ከተማውን ለቅቆ ሄደ፤ በ1502 ቼዛሬ ቦርጃን በጦር መሐንዲስነት አገለገለ፤ በ1519 በፈረንሳይ አገር አረፈ።

የዛሬ መሐንዲስም ለሥራ ማስታወቂያ መልስ ሲሰጥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ሊያስተውል ይገባዋል። አንደኛው የቀጣሪውን ፍላጎት አጥንቶ፣ ረቂቁን አርሞና አስነብቦ፣ አሳቡን በቅደም ተከተል ማቅረብ ነው። ሁለተኛው በማመልከቻ የተጻፈ ተስፋ የሚጠየቁበት ዕዳ መሆኑን አለመዘንጋት ነው።