የምኒልክ ብር በገበያተኛ ዓይን

ገበያተኛ ወደ መደብ ሲጠጋ በቅድሚያ የሚያነበው የዕቃውን ገጽ ነው። ውስጡ ሳይከፈት፣ ሚዛኑም ሳይረጋገጥ ቅርጹና ምልክቱ ያናግሩታል። የዛሬ የማሸጊያ ነዳፊዎች ሌት ተቀን የሚደክሙበትን ይህን ጉዳይ ከመቶ ዓመት በፊት በብር ላይ የሞከሩት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነበሩ።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ አያታቸው ደግሞ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ሕፃኑ አልጋ ወራሽ ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ተመለሱና በአባቶቻቸው አልጋ ላይ ተቀመጡ።

የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ከነበረችው ከአንኮበር ግርጌ አልዩ አምባ ትገኛለች። ከባሕር ጠረፍ በአፋር በረሃ በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ታላቅ ገበያ ነበረች። በዚያ ገበያ ሁለት ዐይነት ገንዘብ ይሠራ ነበር። አንዱ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ እንዳይሰበር ዙሪያውን በማሰሪያ ይጠበቃል፤ ጠርዙ የተሸረፈ እንደሆነ ዋጋው ይወርዳልና ተቀባዩ አገላብጦ ሳያይ አይረከብም። ሁለተኛው ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ማርትሬዛ ነው።

ጠገራውን የሚቀበለው ባላገር የላቲኑን ጽሑፍ አያነብም። ሆኖም መልኩን በሚገባ ያነብ ነበር። በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ በትከሻዋ ላይ ያለውን ክብ ጌጥ ይመረምራል፤ ምልክቱ ከደበዘዘ ብሩን ይመልሳል። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ የተመታው ማርትሬዛ ሁሉ ያንኑ ዓመትና ያንኑ መልክ ይዞ የቀጠለው ስለዚህ ነበር። አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ገበያው ይጠራጠራልና።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ከደፉ በኋላ አንድ ነጻ አገር በባዕድ ንግሥት መልክ መገበያየቱ አላረካቸውም። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የአገር ክብር ከፍ እንዲል፣ ንግድም እንዲሰፋ የራሳቸው መልክ ያለበት ብር መዘጋጀቱን አስታወቁ። በፓሪስ የተመታውና 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ይህ ብር በአንድ ገጹ ዘውድ የደፉትን ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ገጹ መስቀል ያለበት ሰንደቅ የያዘውን የይሁዳ አንበሳ ያሳያል። ጽሑፉም በግዕዝ ፊደል ነው። በዚያው ዘመን ፓሪስ ውስጥ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮችም እነዚህኑ ሁለት ሥዕሎች፣ የንጉሡንና የአንበሳውን መልክ ተሸክመው ወጡ። አንድ መንግሥት አንድ መለያ እንዲኖረው ማድረግ ማለት ይህ ነው።

ብሩ 28 ግራም ያህል ይመዝን ስለነበር በክብደቱም ሆነ በብርነቱ ጥራት ከጠገራው የሚያንስ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጠገራውን ከገበያ ለማስወጣት አልቻለም። አንደኛው ምክንያት የባሕር ጠረፍ ነጋዴዎች ማርትሬዛን መፈለጋቸው ነው። ሁለተኛው ግን የዓይን ነገር ነው፤ ገበያተኛው የሚያውቀው መልክ የንግሥቲቱ ነበርና። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ እንኳ ማርትሬዛን ከውጭ ማስመጣቱን አላቋረጠም።

ይህ ሽንፈት የምኒልክ ብቻ አልነበረም። ኢጣልያ ለኤርትራ ያሠራችው፣ የንጉሥ ኡምቤርቶ መልክ ያለበት ብርም አልሠመረላትም። በ1918 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማርትሬዛን የምትመስል ሴት የተቀረጸችበት ሌላ ብር አወጣች። ገበያው በዚህም አልተታለለም። በመጨረሻ በ1935 እ.ኤ.አ. የማርትሬዛውን ዋና ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ ራሱን ሮም ላይ ለማስመታት ተገደደች።

የምኒልክ ዕቅድ ግን በአንድ በኩል ፍሬ አፍርቷል። ጠገራ ምንዛሪ አልነበረውም፤ ትንሽ ነገር ለመግዛት የሚያገለግለው አሞሌው ነበር። አንበሳውን የያዙት ጥቃቅን ገንዘቦች፣ በተለይም መሐለቁ፣ በከተማ እጅ በእጅ መዘዋወር ጀመሩ። አሮጌ መልክ በሌለበት ስፍራ አዲሱ መልክ ቦታ አገኘ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ማርትሬዛ ገና በገበያ ላይ ነበረች። ኢትዮጵያ በራሷ ገንዘብ ተጠቃልላ መገበያየት የጀመረችው በ1937 ዓ.ም. የወጣው ሕግ አዲሱን የኢትዮጵያ ብር ካቋቋመ በኋላ ነው።

ለሸቀጥ መልክ የሚያወጣ ባለሙያ ከዚህ ታሪክ የሚቀስመው ትምህርት ቀላል አይደለም። ውበት ዓይንን ይስባል፤ እምነት ግን የሚገኘው አንዱ ምልክት ሳይዛነፍ ለብዙ ዘመን ቃሉን ሲጠብቅ ነው። መልኩን ያለ በቂ ምክንያት የሚለውጥ፣ ወይም የሌላውን መልክ የሚዋስ ሁሉ፣ ፊደል ባይቆጥርም ዕንቁ ቆጥሮ ከሚመረምር ገበያተኛ ፊት መቆሙን አይርሳ።