ባዶ ቤት የጠየቁት እናት

የሕግ ተማሪ ሳለሁ ከጉለሌ ስድስት ኪሎ በእግሬ ስመላለስ በማዘር ቴሬዛ በር አልፍ ነበር። ክፍል ውስጥ ቦዘኔነት የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑን እንማራለን፤ በሩ ላይ ደግሞ በሽተኞች ተኝተው ተራ ይጠብቃሉ።

ማዘር ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1910 ስኮፕዬ ተወለዱ። በ18 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው፣ ካልካታ ውስጥ ለዓመታት ካስተማሩ በኋላ በ1948 ገዳማቸውን ትተው ወደ ድሆች መንደር ገቡ። አዲስ አበባ የመጡት በ1973 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱንም አግኝተዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን የ1985ቱ ጉዞ ነው። በረሃቡ ወቅት አውሮፕላን ማረፊያ ያገኛቸው ድምፃዊው ቦብ ጌልዶፍ እንደተረከው፣ በመንገዳቸው ያዩዋቸውን ባዶ ሕንፃዎች ለወላጅ አልባ ልጆች እንዲሰጧቸው አንዱን ባለሥልጣን በካሜራ ፊት ጠየቁት። እምቢ ለማለት አልደፈረም። መቼም አዋጅ ቁጥር 47/67 ትርፍ ቤቶችን ሁሉ የመንግሥት ካደረገ 10 ዓመት ሊሞላው ነበርና ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልጠፋቸውም!

በማዕከሎቻቸው የሕክምና ጥራት የሚተቿቸው አሉ፤ ትችቱን አላቃልልም። በ1997 ካልካታ ውስጥ አረፉ። እኛ በ1996 ዓ.ም. ሌላ የቦዘኔነት አዋጅ፣ ቁጥር 384ን፣ አወጣን። የስድስት ኪሎው በር ላይ ግን ተራ ጠባቂው አልቀነሰም።