ኦቶ የስፐርሰን፤ የእንግሊዝኛን ኃላፊ ጊዜ የመረመረው ዴንማርካዊ

በዛሬው ጽሑፋችን የምናስተዋውቃችሁ ሰው እንግሊዛዊ አይደለም። እንግሊዝኛን ልክ እንደ እኛ ከመጽሐፍና ከመምህር የተማረ፣ ኋላ ግን የቋንቋውን ሰዋስው ለባለቤቶቹ ለእንግሊዞች ጭምር የጻፈ ዴንማርካዊ ነው። ስሙ ኦቶ የስፐርሰን ይባላል። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፋችንን ከወዲሁ ልብ በሉልን።

የስፐርሰን ጁላይ 16 ቀን 1860 በዴንማርክ አገር፣ በዩትላንድ ምድር፣ ራንደርስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ዳኛ ነበር፤ ዘር ማንዘሩም የሕግ ሰው ነው። ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹን በሞት አጣ። በዚያ ብላቴና ዕድሜው ራስሙስ ራስክ የተባለው የአገሩ ሊቅ የጻፋቸው የሰዋስው መጻሕፍት እጁ ገቡና አይስላንድኛ፣ ጣሊያንኛና ስፓኒሽ ብቻውን መማር ጀመረ። ይሁን እንጂ በ1877 ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የተመዘገበው እንደ አባቶቹ ለሕግ ትምህርት ነበር።

አራት ዓመት ሕግ አጠና። ከዚያ ተወው! አባት እናት የሌለው ወጣት፣ እንጀራ የሚያበላውን ሙያ እደጁ ላይ ሲደርስ ጥሎ ወደ ቋንቋ ሲዞር የዘመድ አዝማዱን ፊት መገመት አያቅትም። ሆዱን ለመሙላት ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በዴንማርክ ፓርላማም በአጭር ጽሕፈት የሚነገረውን ይመዘግብ ነበር። ይህን ሥራ ብዙዎች የሕይወት ታሪኩን ሲያወሩ ዘለል አድርገው ያልፉታል። እኛ ግን ቆም ብለን እናየዋለን። ሰው ከአፉ የሚያወጣውን ቃል በቅጽበት መያዝ የለመደ ጆሮ፣ ሰዋስው መጽሐፍ ላይ ብቻ የተቀመጠ ሕግ ነው ቢሉት እሺ ብሎ የሚቀበል አይመስለንም።

በ1886 ስቶክሆልም ላይ ከሌሎች የስካንዲኔቪያ ምሁራን ጋር ኩዎስኩዌ ታንዴም የሚባል ማኅበር ሲመሠረት እሱም ነበረበት። የማኅበሩ ዓላማ የውጭ ቋንቋ በሕይወት እንዳለ ቋንቋ እንዲሰጥ እንጂ እንደ ላቲን ሙት ተቆጥሮ በትርጉምና በሽምደዳ ብቻ እንዳይሰጥ መታገል ነው። በ1887 የማስተርስ ፈተናውን በፈረንሳይኛ አልፎ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ ተጓዘ፤ ሄንሪ ስዊትንና ፖል ፓሲን የመሳሰሉትን የድምፀ ልሳን ሊቃውንት አገኘ። መምህሩ ቪልሄልም ቶምሰን ወደ እንግሊዝኛ እንዲያዘነብል መከረው። በ1891 ዶክተር ሆነ፤ በ1893 በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰርነትን ወንበር ይዞ እስከ 1925 አስተማረ።

ታላቁ ሥራው ሰባት ቅጽ ያለው የዘመናዊ እንግሊዝኛ ሰዋስው ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በ1909 ወጣ። እያነበበ ያገኘውን ምሳሌ በትንንሽ ወረቀት እየገለበጠ ያከማች ነበርና መጽሐፉ ከሕግ ይልቅ በምሳሌ የታጨቀ ነው። በ1931 የታተመው አራተኛው ቅጽ ስለ ጊዜና ስለ ግሥ ነው፤ እኛንም የሚነካን እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ትናንት ያለውን ዛሬ ሲያወራ ቃሉን እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ «ደክሞኛል አልኩ»፣ «እመጣለሁ አልኩት» ይላል። እንግሊዝኛ ግን ዋናው ግሥ ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲሄድ ጥገኛውን ዓረፍተ ነገርም አብሮ ይጎትተዋል። «አይ አም ታየርድ» የነበረው «አይ ሴድ ዛት አይ ዎዝ ታየርድ»፣ «አይ ዊል ካም» የነበረውም «አይ ቶልድ ሂም ዛት አይ ዉድ ካም» ይሆናል። የስፐርሰን ይህን የግሥ ወደ ኋላ መሸሽ ባክሺፍቲንግ ብሎ ጠራው።

እንግዲህ ይህን ወደ ክፍላችን ስናመጣው አንደኛ መደብ ከሦስተኛው ይልቅ አደገኛ ሆኖ እናገኘዋለን። ለምን ቢሉ፣ «አበበ እመጣለሁ አለ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ የሚያዞር ተማሪ «እመጣለሁ» ውስጥ ያለውን «እኔ» ወደ «ሂ» መለወጥ ግድ ይሆንበታል፤ ይህን ሲያደርግ ይነቃል፣ እግረ መንገዱንም ግሡን ያየዋል። «እመጣለሁ አልኩ» ሲሆን ግን «አይ» ያው «አይ» ነው። ከግሡ በቀር የሚነካ ነገር ስለሌለ ተማሪው ሳይጠራጠር «አይ ሴድ ዛት አይ ዊል ካም» ብሎ ቁጭ! በርግጥ የተባለው ነገር ዛሬም እውነት ከሆነ፣ መምጣቱም ገና ከሆነ፣ እንግሊዞቹም አንዳንዴ ግሡን ሳያሸሹ ይተዉታል፤ ስለዚህ መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን ከማንሣቱ በፊት ተማሪው ምን ለማለት እንደፈለገ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሌላም አለ። «አይ ፎርጎት ዛት አይ ሃድ ኤ ክላስ ቱደይ» የሚለውን ውሰዱ። ክፍለ ጊዜው ገና ነው፤ ታዲያ «ሃድ» ምን አመጣው? የድሮው መምህር ይህን በሕግ ለማስረዳት ላብ በላብ ይሆናል። የስፐርሰን የሰጠው ማብራሪያ ግን ቀላል ነው። የተናጋሪው ሐሳብ አንድ ጊዜ ወደ ኃላፊ ከገባ በዚያው ይቀጥላል፤ እያንዳንዱ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር የትኛው ዘመን ላይ እንደሚውል ቆሞ አይመረምርም። የቁልቁለት መንገድ የጀመረ ሰው በየእርምጃው እንደማይቆም ማለት ነው። ለዚህ ነው በእውኑ ዓለም ያለውን ጊዜና በግሥ ላይ የሚታየውን ጊዜ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል ብሎ አጥብቆ ያስተማረው። እንግሊዝኛ ለትንቢት የራሱ የሆነ የግሥ ቅርጽ የለውም ያለውም በዚሁ መንገድ ነው።

ኃላፊ ቅርጽ ጭራሽ ኃላፊ ጊዜን የማያሳይበት ቦታም አለ። «አይ ዊሽ አይ ኒው ዚ አንሰር» ሲባል «ኒው» ትናንትን አይነግረንም፤ አለማወቅን ነው የሚነግረን። የስፐርሰን ይህን የምናብ ኃላፊ ሲል ሰይሞታል። እዚህ ላይ ደግሞ አማርኛችን ያግዘናል። «መልሱን ባውቀው ኖሮ እነግርህ ነበር» ስንል «ነበር» ያለፈ ነገር አያወራም፤ ያልሆነውን ነው የሚያወራ። ስለዚህ ይህኛው ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም፤ ከገዛ ቋንቋው ተነሥቶ ሊያስረዳው ይችላል። «ኢፍ አይ ወር» ወይስ «ኢፍ አይ ዎዝ» ለሚለው ክርክርም የስፐርሰን ሁለቱም በደራስያን ዘንድ እንደሚገኙ በምሳሌ አሳየ እንጂ አንዱን ይዞ ሌላውን አላሳደደም።

ስለ ማስተማር የጻፈው መጽሐፍ በ1904 በእንግሊዝኛ ወጥቷል። እዚያ ላይ የተበጣጠሱ ዓረፍተ ነገሮችን ይነቅፋል፤ ተያያዥ ጽሑፍ ይሰጥና ተማሪው ራሱ ሕጉን ያግኘው ይላል። በዚህ ሐሳብ እንስማማለን። «አይ ሴድ»፣ «አይ ቶት»፣ «አይ ኒው» የበዛበት አጭር ታሪክ ሰጥቶ ተከታዮቹን ግሦች አስለቅሞ ምን ታዘባችሁ ማለት፣ ሕጉን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከማስገልበጥ ይሻላል።

ሁሉ ነገሩ ግን የሚደነቅ አይደለም። በ1922 ባወጣው ቋንቋ በተባለው መጽሐፉ ስለ ሴቶች አነጋገር አንድ ምዕራፍ ጽፏል፤ ሴቶች ዓረፍተ ነገር ጀምረው ሳይጨርሱ ይተዋሉ የሚል ይገኝበታል። የኋላ ምሁራን ማስረጃ የሌለው ነው ብለው ጥለውታል፤ እህቶቻችን ሰልጣኞች ቢያገኙትማ ምን ሊሉት እንደሚችሉ እግዜር ይወቅ። በ1928 ደግሞ ኖቪያል የሚባል ሰው ሠራሽ ዓለም አቀፍ ቋንቋ አወጣ፤ ብዙ ሰው አልተከተለውም። ያን ጊዜ ለሰዋስው መጽሐፉ ቢያውለው ይሻል ነበር ባዮች ነን፤ ከሁለተኛው ቅጽ እስከ ሦስተኛው፣ ከ1914 እስከ 1927 ድረስ፣ 13 ዓመት አልፏልና።

ኤፕሪል 9 ቀን 1940 የጀርመን ጦር ዴንማርክን ሲይዝ የስፐርሰን ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርቶት ነበር። አምስተኛው ቅጽ በዚያው ዓመት፣ ስድስተኛው በ1942 ታተመ። ሰባተኛው ሳያልቅ ኤፕሪል 30 ቀን 1943፣ አገሩ ገና በጠላት እጅ ሳለች፣ ሮስኪልዴ ላይ አረፈ። የቀረውን ረዳቱ ኒልስ ሃይስሉን አሟልቶ በ1949 አሳተመው።