አክሊሉ ለማ፤ ደምና እንዶድ

ለዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነዋሪ የጣና ሐይቅ መተላለፊያውም መተዳደሪያውም ነው። ልብስ የሚታጠበው፣ ዓሣ የሚጠመደው፣ ልጆች የሚዋኙት በዳሩ ነው። የቢልሃርዝያ ትል የሚራባበት ቀንድ አውጣም የሚኖረው በዚያው ዳር ነው። ከቀንድ አውጣው የወጣው እጭ የሰውን ቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ካደገም በኋላ በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። እንቁላሉ የአንጀቱን ግድግዳ እየበሳ ሲወጣ ደም ይፈስሳል። ሕመሙ ሥር ሲሰድ ጉበት ይጠጥራል፣ ጣፊያም አብጦ የደም ሕዋሶችን ከልክ በላይ ያጠፋል። ሰውነት ከበሽታው ጋር ያለ ዕረፍት ሲታገልም፣ ያለው ብረት እንኳ ወደ መቅኒ እንዳይደርስ ይታገዳል። ስለሆነም የእንዲህ ያለውን በሽተኛ የደም ማነስ የብረት ኪኒን ብቻውን አያሽረውም፤ በቅድሚያ ትሉ መወገድ አለበት። ትሉ ቢወገድለትም ሰውየው ነገ ተመልሶ ወደ ውሃው ይወርዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚሁ ለመጨረሻው ችግር ነበር።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 ጅጅጋ ተወለዱ። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት የበቁት ወጣት ተመራማሪ በ1964 ቢልሃርዝያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከእጥበቱ በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። እንዶድን በሳሙናነት የማያውቅ የአገራችን ባላገር አይገኝም፤ ውሃው ከታች ምን እንደሚያደርግ የጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው።

በ1966 በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም ተባብረው ሠሩ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው ሙከራ በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ከመቶ 63 ወደ 34 ዝቅ አለ። ከስድስት ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ለእነዚህ ሕፃናት ይህ ማለት ገና በማደግ ላይ ያለው ደማቸው በከንቱ አልፈሰሰም ማለት ነው።

ይህን የመሰለ ውጤት ወዲያውኑ በሥራ ላይ ይውላል ተብሎ በተጠበቀ ነበር። ነገር ግን ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የእንዶድ የመርዛማነት ምርመራ በእነሱ ደረጃ በውጭ ቤተ ሙከራ እንዲደገም ስለጠየቁ፣ ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። ምርመራው ተገቢ ነው፤ የድሃ አገር ምሁር ያገኘውን ማስረጃ በጥርጣሬ ብቻ ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። አክሊሉም ይህንኑ ከመሟገት ወደ ኋላ አላሉም። በ1989 ከለገሠ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ካገለገሉ በኋላ በ1997 ዐረፉ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች አንድ ነገር መታየት አለበት። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ሰፊ ሐይቅ ውስጥ ሲገባም ኃይሉ ይሳሳል። ለዓድዋ ጅረት የተበጀው መድኃኒት ለጣና እንዳለ አይሠራም። በዘጌ ዳርቻ ከሐይቁ የራቀ የልብስ ማጠቢያ፣ የጉድጓድ ውሃና መጸዳጃ ቤት ማበጀት የእኛ ድርሻ ነው፤ ትሉን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል ግን የሐኪሙ ሥራ ነው።