ፕሮፌሰር አንቷን ማርፋን፤ ጣት አይተው በልብ ሕክምና የሚታወሱ ሐኪም

አንዳንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በደከመበት ሥራ ሳይሆን ባንድ ወቅት በጻፈው ጥቂት ገጽ ሲታወስ ይኖራል። ፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም ፕሮፌሰር አንቷን ማርፋን ከነዚህ አንዱ ናቸው።

ማርፋን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ፥ ካስቴልኖዳሪ በምትባል ከተማ ከሐኪም አባት ተወለዱ። ሕክምናን በቱሉዝ ጀምረው በፓሪስ ፈጸሙ። በ1886 በልጅነቱ የአንገት ዕጢ ነቀርሳ ይዞት ፈጽሞ የዳነ ሰው፥ ኋላ በሳንባ ነቀርሳ የሚያዘው ከስንት አንዴ መሆኑን ገልጠው ጻፉ። ስለ ጡት ማጥባትም ሰፊ መጽሐፍ አዘጋጁ። በ1914 በፓሪስ የሕፃናት ጤና አጠባበቅ ፕሮፌሰር ሆኑ። ይህን ሁሉ ሥራ ግን ዛሬ ከባለሙያ በቀር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ስማቸውን ያቆየው ሌላ ነገር ነው። በ1896 አንዲት የ5 ዓመት ተኩል ልጅ በፓሪስ ሐኪሞች ማኅበር ፊት አቀረቡ። እጅና እግሯ ቀጭንና ከልክ ያለፈ ረዥም፥ ጣቶቿም የሰለሉ ነበሩ። ማርፋን ያዩትን በጥንቃቄ መዘገቡ። ኋላ ይህን የመሰለው ሕመም በስማቸው ተጠራ።

የሕመሙ ዋና አደጋ ግን በጣት ላይ አልነበረም። ማርፋን በ1942 አረፉ፤ በ1943 አሜሪካውያን ሐኪሞች እንዲህ ባሉ ሕሙማን ላይ አኦርታ የተባለው ታላቁ የደም ቧንቧ እንደሚሰፋና እንደሚሰነጠቅ ጻፉ። አኦርታ ከልብ የሚነሣበት ግርጌ ቀስ በቀስ ይለጠጣል፤ ሕመምተኛው ምንም ሳይሰማው ይኖርና አንድ ቀን ቧንቧው ተሰንጥቆ በድንገት ይሞታል።

እንግዲህ ጤነኛ መስሎ የሚታይን ወጣት ደረቱን ከፍቶ ለመቅደድ ሐኪሙ ምን ይዞ ይወስናል? መልሱ ልኬት ነው። በድምፅ ሞገድ ልብን በሚያሳየው መሣሪያ ግርጌው በየጊዜው ይለካል። በዚህ ሕመም የተያዘ ጎልማሳ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር ሲደርስ ቀዶ ሕክምና ይመከራል፤ ከቤተሰቡ አኦርታው የተሰነጠቀ ካለ ወይም ስፋቱ በፍጥነት ከጨመረ በ45 ሚሊሜትርም ይታሰባል። የሕፃናት ልክ ግን ከሰውነታቸው መጠን ጋር ይመዛዘናል። ልኬቱ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራና በአንድ ዘዴ መሆን አለበት። መሥመሩ ሰያፍ ካለፈ ቁጥሩ ከእውነተኛው በልጦ ሰውን ያለ ጊዜው ለቢላዋ ይዳርጋል፤ ካነሰም የመዳኛው ጊዜ ያልፋል።

የጥቂት ሚሊሜትር ዋጋ ቀላል አይደለም። በ1999 በታተመ የ675 ሕሙማን ጥናት፥ በቀጠሮ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 1.5 በመቶ ሲሆኑ፥ አጣዳፊ ሆኖባቸው ከተቀደዱት ግን 11.7 በመቶ ሞተዋል።

የሚያስገርመው፥ ማርፋን ያቀረቧት ልጅ ሕመም ምናልባት ሌላ፥ ይህንኑ የሚመስል ነበር የሚሉ ሊቃውንት መኖራቸው ነው። ቢሆንም መዝገቡ ከንቱ አልሆነም፤ ሌሎች ሐኪሞች ረዣዥም ጣት ሲያዩ ቆም ብለው እንዲመረምሩ አስተምሯል። እኛም ተማሪዎች ከማርፋን የምንማረው ይህንኑ ነው፤ ያየነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ ብንጽፍ፥ እኛ ያልደረስንበትን ሌላው ለክቶ ይደርስበታል።