የተረት መዝገብ ቤት ሹሙ፤ አሌክሳንድር አፋናሲየቭ

ቤቷ በዶሮ እግር ላይ የቆመው አሮጊቷ ጠንቋይ ባባ ያጋ፥ ሞቱን በእንቁላል ውስጥ ሸሽጎ የሚኖረው ክፉው ኮሼይ፥ ዛሬ ከሩስያ ውጭም የታወቁ ናቸው። እነዚህን ተረቶች ለትውልድ ካቆዩት ሰዎች ቀዳሚው አሌክሳንድር አፋናሲየቭ ነው። የእርሱ የራሱ ታሪክ ግን እንደ ተረት ፍጻሜው ያማረ አልሆነም።

አፋናሲየቭ በ1826 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በቮሮኔዥ አውራጃ፥ በቦጉቻር ከተማ ተወለደ። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ። ምኞቱ በዚያው መምህር ለመሆን ነበር፤ ዳሩ ግን በ1848 የትምህርት ሚኒስትሩ ኡቫሮቭ ባሉበት ያሰማው ትምህርት ሚኒስትሩን ስላላስደሰታቸው በሩ ተዘጋበት። በ1849 በሞስኮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ተቀጠረ።

ዋናውን ሥራውን የሠራው በዚህ ወቅት ነው። ተረቱን በየመንደሩ እየዞረ የሰበሰበ ሰው አልነበረም፤ ራሱ ከተራኪ አፍ ሰምቶ የጻፈው ጥቂት ነው። የሩስያ የጂኦግራፊ ማኅበር በመዝገቡ ያከማቸውን ተረት ተረከበ፤ የታላቁ መዝገበ ቃላት ደራሲ ቭላዲሚር ዳልም የሰበሰበውን ሰጠው። ከ1855 እስከ 1863 ስድስት መቶ ያህል ተረት በስምንት ክፍል አሳተመ። አንዱ ተረት በተለያየ ቦታ በተለያየ መንገድ ሲነገር ቢያገኝ፥ አንዱን መርጦ ሌላውን አልጣለም፤ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሥራው ሲጀመር የሩስያ ገበሬ ገና ከጌታው ርስት ጋር የሚሸጥ ገባር ነበር፤ ነጻ የወጣው በ1861 ነው። የዚያን ገበሬ ቃል ለሊቃውንት ምርምር የሚበቃ አድርጎ ማተም ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ዋጋውንም ከፈለ። በ1859 ያወጣው፥ ቅዱሳን ከገበሬ ጋር ሲውሉ የሚያሳየው የአፈ ታሪክ መጽሐፍ ቤተ ክህነትን አስቆጣ፤ ዳግመኛ እንዳይታተምም ተከለከለ። በ1862 ደግሞ ከለንደን በስውር የገባውን ስደተኛ ኬልሲየቭን አግኝተሃል ተብሎ ቤቱ ተፈተሸ። ጥፋት ባይገኝበትም ከመዝገብ ቤቱ ተባረረ። በብዙ ድካም ያከማቸውን ቤተ መጻሕፍቱን ለዕለት ጉርስ ሸጠ። እንዲህም ሆኖ ከ1865 እስከ 1869 ስላቮች ስለ ተፈጥሮ የነበራቸውን ጥንታዊ እምነት የሚመረምር ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጽፎ ፈጸመ። በ1871 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ዕድሜው 45 ነበር።

በዚያ ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አፋናሲየቭ የጀርመኖቹን የግሪም ወንድማማቾች ፈለግ ተከትሎ በየተረቱ ውስጥ ፀሐይን፥ ደመናንና ነጎድጓድን ይፈልግ ነበር። በኋላ የመጡ ሊቃውንት ይህን ትርጓሜ አብዛኛውን አልተቀበሉትም። ስብስቡ ግን ጸና። በ1928 ቭላዲሚር ፕሮፕ በሌኒንግራድ ባሳተመው የተረት ቅርጽ ጥናት፥ ከአፋናሲየቭ መጽሐፍ 100 ተረቶችን መርምሮ፥ ጀግናውና ጠላቱ ቢለዋወጡም ድርጊቶቹ ከ31 እንደማያልፉና ቅደም ተከተላቸውም አንድ እንደ ሆነ አሳየ። ይህ ጥናት ዛሬ በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ይነበባል።

እንግዲህ አፋናሲየቭ የራሱን ሐሳብ ለማስደገፍ ብሎ ተረቱን አርሞና አስተካክሎ ቢያትመው ኖሮ፥ ሐሳቡ ሲወድቅ ተረቱም አብሮ በወደቀ፤ ፕሮፕም የሚመረምረው ባላገኘ ነበር። ምሁር ሊሳሳት ይችላል፤ የሰማውን ሳያጎድል ለተከታዩ ካስረከበ ግን ድካሙ ከንቱ አይቀርም።