የሐኪም ወርቅነህ የሥራ ልምድ

እዚህ ሐዝሚዬ በየቤቱ ካለነው መካከል ዲፕሎማ ይዘን የመጣን አለን። አገር ቤት ያነበብነው የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ የሥራ ልምድ ይጠይቅ ነበር። ሥራ ሳይሰጡን ልምዱን ከየት እናምጣው? ለዚህ ነው የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ የጻፍኩላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ የጎንደር ሰው ናቸው። በ1868 አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ገና የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለያይተው ስለተገኙ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርት ወጪያቸውን ቻለ፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ሆኖ ቀረ።

በ1882 ላሆር ላይ በሕክምና ሲመረቁ ገና አሥራ ሰባት አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነበር። አስቡት እስቲ፤ ወረቀቱ አለ፣ ልምድ የለም፣ ዘመድ የለም። አገሬ ልግባ እንዳይሉ ቋንቋውም ጠፍቷቸዋል። በተገኘው ቦታ፣ በእንግሊዝ ሕንድ መንግሥት ሥር ሥራ ጀመሩ። ቆየት ብለው ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አሻሻሉ፤ ከዚያም በርማ ውስጥ በሐኪምነት ብዙ ዓመት አገለገሉ። ልምዳቸውን ያገኙት በሰው አገር ነው።

በ1896 የዓድዋ ድል ሲሰማ ልባቸው ወደ አገራቸው ተነሣ። አዲስ አበባ የደረሱት ግን በ1899 ነው፤ ያውም በአስተርጓሚ እየተነጋገሩ። አያታቸው ገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩዋቸው። ያም ሆኖ ወደ በርማ ሥራቸው መመለስ ነበረባቸው። ጠቅልለው የገቡት በ1919 ነው፤ ከተመረቁ ከ37 ዓመት በኋላ! በ1925 የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደግሞ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። በ1952 አረፉ።

የእሳቸውና የእኛ ነገር አንድ ነው አልላችሁም። እሳቸው በተማሩት ሙያ ተቀጠሩ፤ እኛ ዲፕሎማውን ሻንጣ ውስጥ ከተን ሌላ ሥራ ያዝን። ግን በሰው አገር የተሠራ ሥራም ልምድ ነው። አረብኛ የለመደች፣ ለታመሙ አዛውንት መድኃኒት በሰዓቱ የሰጠች፣ ሕፃን ያሳደገች እህት ባዶ እጇን አይደለችም። ኮንትራት ስትጨርሱ ማዳም እሺ ካለች፣ ምን ምን እንደሠራችሁና ስንት ዓመት እንደቆያችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፉ። ከዲፕሎማችሁ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት።